አራት ደቂቃ ከ19 ሰከንድ

በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮቼስተር ከተማ አጠገብ የሚገኘው የግሪስ አቴና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ቡድን የካቲት 8 ቀን 1998 ዓ.ም. ምሽት በራሱ ሜዳ የዓመቱን የመጨረሻ መደበኛ ጨዋታ ያደርግ ነበር። ተጋጣሚው የጎረቤቱ የስፔንሰርፖርት ትምህርት ቤት ነው። የነጥብ ልዩነቱ ሰፍቷል። ጨዋታው ሊያልቅ 4 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ሲቀር አሠልጣኙ ጂም ጆንሰን ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር ዞረና 52 ቁጥር የለበሰውን አጠር ያለ ልጅ ጠራው። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ከመቀመጫው ተነሣ።

ልጁ ጄሰን ማክኤልዌይን ይባላል። የ12ኛ ክፍል ተማሪና ኦቲዝም ያለበት ወጣት ነው። እስከዚያች ምሽት ድረስ ለዋናው ቡድን አንድም ደቂቃ ተሰልፎ አያውቅም።

በደጋፊው መካከል የተቀመጡ ተማሪዎች የፊቱን ፎቶግራፍ በካርቶን ላይ ለጥፈው በእንጨት እያውለበለቡ ነበር። ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ተማሪ የማያውቀውን ልጅ ፎቶ አሳትሞ አይመጣም። ጄሰን በቡድኑ ውስጥ ለዓመታት ነበረ፤ የነበረው ግን ውኃና ፎጣ በማቅረብ፣ ኳስ በመሰብሰብ፣ ተጫዋቾቹን በማበረታታት ነው። በጨዋታ ቀን ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ክራባት አድርጎ ከአሠልጣኙ ጎን ይቀመጥና እንደ ምክትል አሠልጣኝ ይጮሃል። ተጫዋች ለመሆን ሞክሮ አልተመረጠም፤ ቁመቱም አልረዳውም። ቤቱ አልሄደም። የተሰጠውን ሥራ ያዘ።

ወላጆቹ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ያወቁት ገና በሕፃንነቱ ነው። አምስት ዓመት እስኪሞላው አልተናገረም። እዚህ ላይ የቡድን ስፖርት ኦቲዝም ላለበት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የአዳራሽ ጩኸት፣ ድንገት የሚነፋ ፊሽካ፣ የሚያብረቀርቅ መብራት፣ ከየአቅጣጫው የሚነካካ ላብ የወረሰው ሰውነት፤ ለብዙዎቹ እነዚህ እያንዳንዳቸው ጆሮ አስይዘው የሚያስሮጡ ናቸው። ከዚያ ደግሞ የጓደኛን ዓይን አይቶ ኳሱን ወዴት ሊልከው እንደሆነ መገመት አለ። የሰውን ሐሳብ ከፊቱ ማንበብ ለሚከብደው ልጅ የቡድን ጨዋታ በማያውቀው ቋንቋ የሚካሄድ ወሬ ነው። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎችና ወላጆች እነዚህን ልጆች ወደ ዋና ወይም ወደ ሩጫ ቢመሯቸው አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን ሁሉም ልጅ አንድ አይደለም። ስፖርት በሕግ የተገነባ ዓለም ነው። መስመሩ አይንቀሳቀስም፤ ቀለበቱ ሁልጊዜ እዚያው ከፍታ ላይ ነው፤ ውጤቱ በቁጥር ይነገራል፤ ልምምዱ በተወሰነ ሰዓት ይጀምራል። መደጋገምን ለሚወድ ልጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ጄሰን አንዱን ውርወራ ሺህ ጊዜ መደጋገም የማይሰለቸው ልጅ ነበር። ይህ ነገር ከኦቲዝሙ ጋር የመጣ ነው ቢባል ስድብ አይሆንም።

ወደዚያች ምሽት እንመለስ። ጄሰን ገባ፤ ኳስ ደረሰው፤ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ ወረወረ። ኳሱ ቀለበቱን እንኳ ሳይነካ ወደቀ። ቀጥሎ ከቅርጫቱ ሥር ሞከረ፤ ይህንንም ሳተ። አሠልጣኙ በኋላ እንደተናገረው በዚያች ቅጽበት ልመናው አንድ ቅርጫት ብቻ እንዲያገኝ ነበር። ሦስተኛውን ወረወረ። ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቃል አይገልጸውም፤ ቪዲዮውን ፈልጎ ማየት ነው። ጓደኞቹ ኳሱን እየደጋገሙ ለእሱ ያቀብሉታል፤ እሱ ይወረውራል። ስድስት ባለሦስት ነጥብ፣ አንድ ባለሁለት ነጥብ፤ በድምሩ 20 ነጥብ። ጨዋታው 79 ለ 43 ሲያልቅ ሕዝቡ ሜዳውን ወርሮ በትከሻው ተሸከመው። አሠልጣኙ በወንበሩ ላይ ሆኖ ያለቅስ ነበር።

አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «አዝነውለት ነው» ይላል። መግባቱ በእርግጥ ስጦታ ነበር፤ ቡድኑ ባይመራ ኖሮ አይገባም ነበር። ኳስን ከስድስት ሜትር ርቀት ስድስት ጊዜ ቀለበት ውስጥ ማስገባት ግን በሐዘኔታ አይመጣም። ያ የልምምድ ውጤት ነው። ልምምዱን ደግሞ ማንም አላየለትም ነበር።

ቀረጻው በአካባቢው ቴሌቪዥን ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ አገር አዳረሰ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ወደ ሮቼስተር ሲሄዱ በአውሮፕላን ማረፊያው ተገናኙት። በዚያው ዓመት የኢኤስፒኤን «ኤስፒ» ሽልማት የዓመቱ ምርጥ የስፖርት ቅጽበት ሆኖ ተመረጠ፤ ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ኮቢ ብራያንት በአንድ ጨዋታ 81 ነጥብ ያስቆጠረበት ምሽት ነበር። እናቱ ኦቲዝምን ከበርሊን ግንብ ጋር አመሳስለው ልጃቸው ግንቡን እንደሰነጠቀው ተናገሩ። ልጁ ራሱን ኮርቶ ያዩት ያን ዕለት እንደሆነም አልደበቁም።

ይህን የምታነብ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ግን ሌላ ነገር ልታስብ ትችላለች። «የእኔ ልጅ 20 ነጥብ ባያስቆጥርስ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በእኛ አገር የኦቲዝም ስም በቅጡ እንዲታወቅ ካደረጉት መካከል ዛሬ በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይገኙበታል። ከአሜሪካ ተመልሰው፣ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱ እናት ናቸው። የእሳቸው ትግል ልጆቹ ከጓዳ እንዲወጡ ነበር፤ ጀግና እንዲሆኑ አልነበረም። ሰው ዘንድ ለመቀመጥ ተአምር መሥራት የግድ ከሆነ ተአምር የማይሠራው ልጅ ወደ ጓዳው ይመለሳል።

ለዚህም ነው ከ20ዎቹ ነጥቦች ይልቅ ያ ነጭ ሸሚዝና ክራባት ይበልጥ የሚገርመኝ። ጆንሰን ለአንድ ያልተመረጠ ልጅ ሥራ ፈልጎ ሰጠው፤ ሥራውም የማስመሰል አልነበረም። ውኃው ባይመጣ ተጫዋች ይጠማል። እንዲህ ያለ ቦታ ለመፍጠር ገንዘብም ሆነ ልዩ አዳራሽ አያስፈልግም። በሰፈራችሁ ሜዳ ቅዳሜ ጠዋት ልጆች የሚያሠለጥን ወጣት ካለ አነጋግሩት። ልጁ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይምጣ፤ ሥራው ከሳምንት ሳምንት አይቀያየርበት፤ ትእዛዙ አጭርና አንድ በአንድ ይሁን፤ ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት ይነገረው፤ ሲጨንቀው ዞር ብሎ የሚቀመጥበት ጥግ ይኑረው። ለመጀመሪያ ቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሌሎቹ ልጆች ይላመዱታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከትልልቆቹ ቀድመው።

ጄሰን ከዚያች ምሽት በኋላ ታዋቂነቱን ይዞ አልጠፋም። በከተማው አንድ ሱፐርማርኬት ተቀጠረ፤ ስለ ሕይወቱ መጽሐፍ ወጣ፤ በየቦታው እየተጋበዘ ይናገር ጀመር። ሩጫም ጀመረ። ሚያዝያ 13 ቀን 2006 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን ተሰለፈ፤ ከቦምቡ ፍንዳታ አንድ ዓመት በኋላ የተካሄደው ያ ውድድር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ኬንያዊቷ ሪታ ጄፕቱ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ውጤቷ ሲሰረዝ የሴቶቹ አሸናፊነት በ2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ለብዙነሽ ዴባ የተሰጠበት ነው። ጄሰን በ2 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ገባ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ማራቶን መጨረስ ለአማተር ሯጭ ትልቅ ነገር መሆኑን የሮጠ ያውቀዋል።

ሩጫ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ስፖርት ነው፤ እሱ ደግሞ ቡድን ይወዳል። የቅርጫት ኳስ ወቅት ሲደርስ ወደ ግሪስ አቴና ተመልሶ ከአሠልጣኞቹ ጎን ይቀመጥ ነበር፤ አሁን በረዳት አሠልጣኝነት።