ጥሬውን ፎቶ ማን ቆላው? የካሜራ ሪቪው ስታዩ ልትጠይቁት የሚገባ ጥያቄ

በቅርቡ አንድ ስህተት ሠርተናል። ዛሬ እሱን እየተናዘዝን፣ እግረ መንገዳችንን ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁንን ጥያቄ እንመልሳለን፦ «የትኛው ካሜራ ይሻላል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ላሊበላ ተሳላሚና እንግዳ ፎቶ እያነሳ የሚኖር ጓደኛችን ሁለት ያገለገሉ ካሜራዎች ቀረቡለትና «ምረጡልኝ» አለን። የእሱ ሥራ ለካሜራ ከባድ ነው። ቤተ ማርያም ግቢ ላይ ነጭ ነጠላ በፀሐይ ያንጸባርቃል። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያለው ጧፍና በጠባብ መስኮት የምትገባ ብርሃን ብቻ ነው። ፍላሽ አይበራም፤ ለሥዕሉም ለጸሎቱም አይሆንም። ስለዚህ ዋናው ነገር አይኤስኦው ከፍ ሲል ምን ያህል ኖይዝ ይመጣል የሚለው ነው፤ ያ ፎቶው ላይ አሸዋ የተበተነ የሚያስመስለው ማለታችን ነው።

በሁለቱም ካሜራ በሮው አነሳን። የአንዱን ፋይል በራሱ በአምራቹ ሶፍትዌር፣ የሌላውን በላይትሩም ከፈትን። የመጀመሪያው ጥርት ያለ፣ ሁለተኛው አሸዋ በአሸዋ። «ይሄኛው ነው» አልነው፤ ገዛ። የዋጋው ልዩነት አንድ ደህና ሌንስ ይገዛ ነበር።

በኋላ ነገሩ አላስተኛን ብሎ ሁለቱንም ፋይል በአንድ ሶፍትዌር፣ የኖይዝ ማጥፊያውን ዜሮ አድርገን ጎን ለጎን አየን። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም! የመጀመሪያው ያማረብን ሶፍትዌሩ ሳንጠይቀው ኖይዙን ስለጠረገው ነው። እኛ ያወዳደርነው ሶፍትዌሮቹን ነበር፤ የፈረድነው ግን በካሜራዎቹ ላይ።

ሮው ምንድን ነው?

ሮው ማለት ጥሬ ነው። ገና ፎቶ አልሆነም። የአብዛኛው ካሜራ ሴንሰር ላይ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቀለም ብቻ ነው የሚያየው። የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ባገኘበት አደራደር፣ ከአራት ነጥብ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። የጎደሉትን ቀለሞች ከጎረቤት ነጥቦች አስልቶ የሚሞላው ሶፍትዌሩ ነው። ቀለሙን፣ ጥራቱን፣ ኖይዙንም የሚወስነው እሱ ነው።

ጥሬ ቡናን አስቡ። የይርጋጨፌና የሐረር ቡና ይወዳደሩ ብንል፣ አንዱን ጎበዝ ቆልቶት ሌላውን ልጅ ካሳረረው ፍርዱ ስለ ቡናው አይደለም፣ ስለ ቆይው ነው። ካሜራም እንደዚያው።

«ታዲያ ሁሉም በአንድ ሰው፣ በአንድ ምጣድ፣ እኩል ደቂቃ ይቆላ» ትሉ ይሆናል። ታዋቂው ዲፒሪቪው የስቱዲዮ ሮው ፎቶዎቹን በአዶቤ ካሜራ ሮው የሚያወጣው በዚሁ ሐሳብ ነው። ጥሩ መንገድ ነው፤ ግን እሱም እንከን አያጣውም፤ አንዱ ቡና ሌላ ዓይነት እሳት ይፈልግ ይሆናላ።

ምሳሌ እንስጣችሁ። ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. በ2012 ኤክስ-ፕሮ1ን ሲያወጣ ቀለሞቹን ከባየር በተለየ መልኩ የደረደረ ኤክስ-ትራንስ የተባለ ሴንሰር ይዞ መጣ። የአዶቤ ሶፍትዌር መጀመሪያ ላይ በደንብ አልገባውም፤ ቅጠሉና ጥቃቅኑ ነገር ውሃ ቀለም እንደነካው ይድበሰበስ ነበር። በ2013 ሶፍትዌሩ ሲሻሻል ያው ፋይል ተሻሽሎ ወጣ። ካሜራው ግን አልተቀየረም። በመጀመሪያው ዓመት ፋይሉን በአዶቤ ብቻ አይቶ «ይሄ ካሜራ ጥራት የለውም» ያለ ሰው ፈረደ እንጂ አልመረመረም።

«ጥሬ» የተባለውም ሁሌ ጥሬ አይደለም

አንዳንድ ካሜራ ሮው ፋይሉን ከመስጠቱ በፊት ውስጥ ለውስጥ ይነካካዋል። ሶኒ እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ በአልፋ 7 ካሜራዎቹ የሚሰጠው ሮው መረጃ እየቀነሰ የሚጨመቅ ብቻ ነበር፤ ቅሬታው ሲበዛ ያልተጨመቀ አማራጭ ጨመረ። የሌሊት ሰማይ የሚያነሱ ሰዎች ደግሞ ካሜራው ትንንሽ ኮከቦችን ኖይዝ ናቸው ብሎ ያጠፋብናል ሲሉ ከሰዋል። የላስታን ሰማይ በሌሊት ለማንሳት ለሚያስብ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የአይኤስኦ ቁጥርም ያታልላል። አይኤስኦ 12232 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለአምራቾች ከአንድ በላይ የመለኪያ መንገድ ይፈቅዳል። ሁለት ካሜራ ላይ 6400 ተጽፎ የአንዱ ሮው ከሌላው ሊጨልም ይችላል።

የእኛ ብርሃን፣ የእኛ ፊት

የስቱዲዮ ፈተና ብዙ ጊዜ በነጭ ብርሃን ነው የሚሠራው። የጧፍ ብርሃን ግን ሰማያዊ የለውም ማለት ይቻላል። ሶፍትዌሩ ቀለሙን ለማስተካከል ያችኑ ጥቂት ሰማያዊ ሲያጎላ ኖይዙም አብሮ ይጎላል። ስለዚህ በስቱዲዮ ጥሩ ነጥብ ያገኘ ካሜራ ቤተ ጊዮርጊስ ውስጥ ሊያሳፍራችሁ ይችላል።

ፊትም አለ። ኮዳክ ለአስርት ዓመታት ለፎቶ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማስተካከያ፣ «ሸርሊ ካርድ» የሚባለው፣ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸውን ሰዎች የያዘ ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ዛሬም ሪቪው ስታዩ የተፈተነው የማን ፊት ነው በሉ። ጠይም ፊት በነጭ ነጠላ ተከቦ፣ ከጀርባው የላሊበላ ቀይ ድንጋይ፤ የእኛ ፈተና ይሄ ነው።

በገና በዓል ሰሞን ለሚሠሩት ይሄ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ለቅርስም ያው ነው። የግድግዳ ስንጥቅ ሰፍቷል አልሰፋም ለማለት የዘንድሮን ፎቶ ከአምስት ዓመት በፊቱ ጋር ስናስተያይ፣ አንዱ ላይ የኖይዝ ማጥፊያው ቀጭኗን ስንጥቅ ጠርጎ ከሆነ ልንሳሳት እንችላለን።

ሪቪው ስታዩ እነዚህን ጠይቁ፦

1. ሮው ፋይሎቹ የተከፈቱት በአንድ ሶፍትዌር ነው? የትኛው እትም?
2. የኖይዝ ማጥፊያውና ሻርፕነሱ በሁለቱም እኩል ነው ወይስ ጠፍቷል?
3. አይኤስኦው ብቻ ሳይሆን የሌንሱ ክፍተትና የሹተር ፍጥነቱም አንድ ነው?
4. ፎቶዎቹ የሚታዩት በእኩል መጠን ነው? ባለ 24 እና ባለ 45 ሜጋፒክስል እያንዳንዳቸው መቶ በመቶ ጎልተው ሲታዩ ውድድሩ እኩል አይሆንም።
5. ሮው ፋይሉን ማውረድ ይቻላል? ከተቻለ አውርዱና ራሳችሁ በምትሠሩበት ሶፍትዌር ክፈቱት። ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ በነጻ ናቸው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁን ሚሞሪ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ጨለም ያለ ጥግ ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው በሮው አንሱ፤ ቤት ወስዳችሁ ተረጋግታችሁ እዩት። አዲስ አበባ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ የሚገዛላችሁ ከሆነም ፋይሉን እንዲልክላችሁ ለምኑት።

ጓደኛችንን ይቅርታ ጠይቀናል። ሳቀና «ካሜራውስ ጥሩ ነው፣ ሌንሷን ግን ታስቡልኛላችሁ» አለን። እያሰብንበት ነው።

እናንተስ በሪቪው ተታላችሁ የገዛችሁት ካሜራ አለ? ኮሜንት ላይ ንገሩን፤ ለሚገዛ ሰውም ሼር አድርጉለት።