ያውቁ ኖሯል? የድሬዳዋ ውሃና የአሮጌ ቤት መታጠቢያ

የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. የቆረቆራት ድሬዳዋ ከከርሠ ምድር የምትቀዳው ውሃ በበሃ ድንጋይ መካከል አልፎ የሚመጣ እንደ መሆኑ መጠን፣ ለዓይን እንደ መስተዋት የጠራ ቢመስልም፣ የተሸከመውን ካልሲየም ሙቀት ባገኘው ጊዜ ወደ ነጭ ቅርፊት እየለወጠ ቦይለሩን የሚያለብስ፣ የሻወሩንም ቀዳዳ የሚደፍን መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ስለዚህ በከዚራ ሰፈር አሮጌ ቤት ያለው ሰው መታጠቢያ ክፍሉን ሲያድስ፣ የቦይለሩን ሙቀት ከ60 ዲግሪ ባያሳልፍ፣ እርጥበት የሚያላሽቀውን ጀሶ አስነሥቶ በሲሚንቶ ልስን ቢተካ፣ ለእንፋሎቱም ከጣራው ሥር መውጫ ቢያበጅለት መልካም ነው። ቅርፊቱን አቼቶ ያሟሟዋል፤ ዳሩ ግን ቅርፊቱና እምነ በረድ (መልካቸው ምንም ቢራራቅ) በባሕርይ አንድ ናቸውና፣ እባክዎ አቼቶውን ከእምነ በረድ ወለልዎ ያርቁት።