ከስንዴ የራቀ መሶብ

ሴሊያክ የሚባለው ሕመም፣ በስንዴ፣ በገብስና አውሮፓውያን ጥቁር ዳቦ በሚጋግሩበት ራይ በተባለ እህል ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተሰኘ ፕሮቲን ሲበላ፣ የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት የገዛ ራሱን ትንሽ አንጀት እንዲያጠቃ የሚያደርግ፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ በሽታ ነው። ግሉተን የስንዴ ሊጥ ሲታሽ የሚለጠጥበትና ዳቦ አየር ይዞ የሚነፋበት ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ለብዙው ሰው ምንም ጉዳት የለውም። የትንሹ አንጀት የውስጥ ግድግዳ ቪላይ በሚባሉ፣ ጣት በሚመስሉ ጥቃቅን ዘለላዎች የተሸፈነ ነው፤ የተፈጨው ምግብ ወደ ደም የሚገባውም በእነርሱ በኩል ስለሆነ፣ ሴሊያክ ባለበት ሰው ዘለላዎቹ ተጎድተው ጠፍጣፋ ሲሆኑ፣ ሰውየው ጠግቦ እየበላ ብረት፣ ካልሲየምና ሌሎችም ንጥረ ነገሮች ይጎድሉታል። በሕፃናት ላይ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በተቅማጥ፣ በሆድ መነፋትና በእድገት መቀጨጭ ይገለጣል። በአዋቂዎች ዘንድ ደግሞ መድኃኒት የማይመልሰው ደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳት፣ የማያቋርጥ ድካም፣ አንዳንዴም ልጅ ማጣት ወይም የሚያሳክክ የቆዳ ሽፍታ ሆኖ ስለሚመጣ፣ አንጀትን የሚጠረጥር ሰው ላይገኝ ይችላል።

በሽታው በዘር ከሚወረስ ዝንባሌ ይነሣል። ሕሙማኑ ከሞላ ጎደል በሙሉ ኤችኤልኤ-ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 የተባሉትን የዘር ምልክቶች ይይዛሉ፤ ይሁን እንጂ ምልክቶቹን ከሚይዙት መካከል የሚታመሙት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ የደም ምርመራዎች ከ100 ሰው አንዱ ገደማ ሴሊያክ እንዳለበት ሲታወቅ፣ የሕመምተኛው ወላጆች፣ ወንድሞች፣ እህቶችና ልጆች ግን ከአሥር አንዱ እስኪደርሱ ድረስ በሽታው ሊገኝባቸው ይችላል። ስለዚህ አንድ ልጅ ሴሊያክ እንዳለበት ከተረጋገጠ፣ ጤነኛ መስለው የሚታዩት የቤተሰቡ አባላትም መመርመር ይገባቸዋል።

መድኃኒቱ ምግብ መሆኑ የታወቀው ጠላቱ ከመታወቁ በፊት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጊ በ1888 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕመሙን በዝርዝር ሲገልጽ፣ መዳኛ ካለው በአመጋገብ መሆን እንዳለበት ጽፏል፤ የትኛው ምግብ እንደሚጎዳ ግን አላወቀም። በ1924 አሜሪካዊው ሲድኒ ሃስ ሕፃናቱን በሙዝ አመጋገብ ማከም ጀመረ፤ ልጆቹ ያገገሙት ዳቦ ስለቀረላቸው ቢሆንም ሙዙ ያዳናቸው መስሎ ስለታየ፣ ዳኑ ተብለው ወደ ዳቦ የተመለሱት እንደገና ታመሙ። እውነቱን የደረሰበት ኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካረል ዲከ ነው። ዲከ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ በ1930ዎቹ፣ በሄግ ከተማ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ስንዴን ከታማሚዎቹ ምግብ ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት ዳቦ ከአገሩ ሲጠፋ፣ ሌላው ሕዝብ ሲከሳ የሴሊያክ ሕፃናት ግን መሻላቸው ጥርጣሬውን አጠናከረለት። በ1950 የመመረቂያ ጽሑፉን ካቀረበ በኋላ፣ ከባልደረቦቹ ከቫን ደ ካመርና ከቫየርስ ጋር ሆኖ ከሕፃናቱ በሰገራ የሚወጣውን ስብ እየለካ፣ ስንዴ ሲጨመር ስቡ እንደሚበዛ፣ ሲቀነስ እንደሚቀንስ በቁጥር አሳየ። ትክክለኛውን መልስ ለማግኘት ሕፃናቱን ለዓመታት በትዕግሥት መመገብና መመዘን አስፈልጎ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ለበሽታው የሚሰጠው ሕክምና ከዚያ ግኝት አልራቀም።

የእህል ለውጥ አንድን ሕዝብ እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል የሚያሳየው ግን የሰሐራውያን ታሪክ ነው። በምዕራብ ሰሐራ በግመል ወተት፣ በሥጋና በተምር ይኖር የነበረው ይህ ሕዝብ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን የስንዴ ዳቦ ለመደ፤ ከዚያም በአልጄሪያ በረሃ ባሉት የስደተኞች መጠለያዎች በእርዳታ በሚመጣ ስንዴ መኖር ግድ ሆነበት። በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከሰሐራውያን ሕፃናት 5.6 በመቶ ያህሉ ሴሊያክ እንዳለባቸው ዘግቧል። ይህ በሌሎች አገሮች ከሚታየው እጅግ የላቀ ነው። የኢትዮጵያን አንባቢ ይህ ታሪክ ሊያሳስበው ይገባል፤ ምክንያቱም የእርዳታ ስንዴ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒና ብስኩት በከተማም በገጠርም የዕለት ምግብ እየሆኑ ሲመጡ፣ እድገቱ የቀጨጨ ሕፃን ሲታይ የሚታሰበው ብዙ ጊዜ ጃርዲያ፣ የአንጀት ትል ወይም የምግብ እጥረት ነው። እነዚህ በእውነትም ይበዛሉ። ታክመው ሕፃኑ ካልተሻለው ግን የሴሊያክ ምርመራ ሊታዘዝ ይገባል።

ምርመራውን በተመለከተ አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በደም የሚፈለገው ትራንስግሉታሚኔዝ የተባለውን የሰውነት ኢንዛይም የሚቃወም አንቲቦዲ ነው፤ ይህ አንቲቦዲ የሚታየው ሰውየው ግሉተን እየበላ ከሆነ ብቻ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ በጥርጣሬ ብቻ ስንዴን ቀድሞ ካቆመ ምርመራው በሽታው የሌለ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። በአዋቂዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ በኤንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀት ናሙና ይወሰዳል፤ የአውሮፓ የሕፃናት ሐኪሞች መመሪያ ግን የአንቲቦዲው መጠን ከመደበኛው ወሰን አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ለሆነባቸው ሕፃናት፣ ሁለተኛ የደም ምርመራ ካረጋገጠው፣ ያለ ናሙና እንዲወሰን ይፈቅዳል።

ሕመሙ ከተረጋገጠ በኋላ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ለሌላው ዓለም ብርቅ የሆነ እህል በእጁ አለ። በ2005 በኔዘርላንድ የላይደን ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው፣ ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው ግሉተን እንደሌለባቸው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በተባለው መጽሔት አሳተሙ። በዚያው ዓመት አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወት ተቋም ጋር ስለ ጤፍ ስምምነት ፈረመ፤ በ2007 ደግሞ በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠ፤ ኢትዮጵያውያንን ያስቆጣው ይህ መብት በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድ ዋጋ የለውም ተብሎ ተሻረ። ፍርዱ ተገቢ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጤፍ የማን ነው የሚለው ክርክር በጋዜጣና በሬዲዮ ሲሰማ፣ ጤፍ ከማሳ እስከ መሶብ ሲጓዝ ከስንዴ ነጻ ሆኖ ይደርሳል ወይ የሚለው ጥያቄ የዚያን ያህል አልተሰማም።

የሕሙማኑ ሕይወት የተንጠለጠለው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ አንድ ምግብ ከግሉተን ነጻ ለመባል በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም የበለጠ ግሉተን ሊኖረው እንደማይገባ ይደነግጋል። ከስንዴ ዱቄት ውስጥ በግምት ከመቶ ስምንቱ ግሉተን ስለሆነ፣ በአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ውስጥ ሩብ ግራም የስንዴ ዱቄት ቢገባ ወሰኑ ሞላ ማለት ነው። ጤፍ ስንዴ በተወቃበት አውድማ ሲወቃ፣ ገብስ በነበረበት ጆንያ ሲሞላ፣ ይልቁንም ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ በተራ በሚፈጩበት ወፍጮ ቤት ሲፈጭ፣ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊቀላቀል ይችላል። ጤፍ ሲወደድ እንጀራው ላይ ሌላ ዱቄት መጨመር በአገር ቤትም በውጭም የተለመደ ነው፤ የተጨመረው ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ሩዝ ከሆነ በራሱ አይጎዳም፣ ገብስ ወይም ስንዴ ከሆነ ግን እንጀራው ለሕመምተኛው ከዳቦ አይለይም። ሊጡ መቡካቱም አያድነውም፤ በተለመደው ቡኮ ግሉተኑ በበቂ ሁኔታ አይፈርስም፣ ከተቀላቀለ ሊጥ የተቀመጠ እርሾም ቅሪቱን ወደሚቀጥለው ቡኮ ያሻግራል። በዚህ ምክንያት ሴሊያክ ያለበት ቤት ጤፉን በእህልነቱ ገዝቶ፣ ለቅሞና አበጥሮ፣ ጤፍ ብቻ በሚፈጭበት ወይም አስቀድሞ በጸዳ ወፍጮ ማስፈጨትና እርሾውን ከንጹሕ ጤፍ እንደ አዲስ መጀመር አለበት። ሽሮና በርበሬም በዚያው ወፍጮ ስለሚያልፉ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ።

ከባህላዊው ገበታ የሚከለከለው ብዙ ነው፦ ዳቦና አምባሻ፣ የስንዴ ወይም የገብስ ቂንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎና ገንፎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሳምቡሳ፣ በብቅል የተጠመቀ ጠላና ቢራ። አጃ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ በአንዳንድ አካባቢ በዚህ ስም የሚሸጠው ራሱ የስንዴ ዘር ስለሆነ ፈጽሞ አይፈቀድም፣ በከተማ ሱቅ በአጃነት የሚሸጠው ሌላው እህል ደግሞ ለአብዛኞቹ ሕሙማን የሚስማማ ቢሆንም ከስንዴ ጋር ስለሚቀላቀል ከግሉተን ነጻ መሆኑ ካልተረጋገጠ አይመከርም። የሚቀረውም ግን ጥቂት አይደለም። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ፣ ምስርና ክክ፣ ድንች፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቆጮ፣ ፈንዲሻ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ የማር ጠጅ ሁሉ ይበላል፣ ይጠጣል። አራስን የምትጠይቅ ሴት የገብስ ገንፎውን በቡላ ገንፎ ብትተካው ወጉ አይጎድልም፤ ጨጨብሳም ከጤፍ ቂጣ ይሠራል። በውጭ አገር ከሱቅ የሚገዙ ከግሉተን ነጻ ብስኩትና ዳቦዎች ብዙ ጊዜ ስታርችና ስኳር የበዛባቸው፣ አሠር ያነሰባቸው ስለሆኑ፣ ጤፍና ጥራጥሬ የለመደ ቤተሰብ በዚህ በኩል የተሻለ መነሻ አለው።

ከባዱ ነገር ገበታው የጋራ መሆኑ ነው። የምዕራባውያን መመሪያዎች የሚጻፉት እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን ባለው ቤት ታስቦ ነው፤ ለሕመምተኛው የተለየ ሳህን፣ የተለየ መጥበሻ፣ የተለየ መደርደሪያ እንዲኖረው ይመክራሉ። ከአንድ ትሪ በሚበላበትና ፍቅር በጉርሻ በሚገለጥበት ቤት ግን ዳቦ የቆረሰ እጅ ወደ ወጡ ይመለሳል፤ ልጁን ከትሪው ለይቶ ማስቀመጥ ደግሞ ከአንጀቱ ሌላ ሁለተኛ ሕመም መጨመር ነው። ስለዚህ የልጁን ሳህን ከመለየት ይልቅ የጋራውን መሶብ ከስንዴና ከገብስ ማራቅ ለኢትዮጵያ ቤት የሚስማማው መንገድ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ የሚበላው ከግሉተን ነጻ ይሁን፤ ዳቦ መተው የማይችል ሰው ካለ እርሱ ለብቻው፣ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ዕቃ ይብላ። ወጪው ይበዛል፣ በተለይ ጤፍ በተወደደበት ጊዜ፤ ይህን ቀላል አድርጎ ማቅረብ ለቤተሰቡ አይጠቅመውም። ነገር ግን አንድ ምጣድ፣ አንድ ማሰሻ፣ አንድ ቡሃቃና አንድ ወንፊት ብቻ ያለው ወጥ ቤት ሁለት ዓይነት እህል ሳያቀላቅል ለዓመታት ሊይዝ አይችልም።

ከቤት ውጭ ያለው ፈተና የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከደግነት ነው። በማኅበር፣ በሠርግና በልቅሶ ቤት «ለበረከት ቅመሽ» ወይም «ትንሽ ምን ያደርጋል፣ ልጄ» የምትል አያት ክፉ አላሰበችም፤ ሆኖም ትንሽ የሚባለው መጠን የሚጎዳ መሆኑ ተፈትኗል። በ2007 በወጣ የጣሊያን ጥናት፣ በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለሦስት ወር የወሰዱ ሕሙማን አንጀታቸው ሲጎዳ ታይቷል፤ ይህም ከአንድ ግራም የስንዴ ዱቄት በታች ውስጥ ያለ ግሉተን ነው። ልጁ «ሐኪም ከልክሎኛል» ብሎ በአክብሮት እምቢ ማለትን ከሕፃንነቱ ሊማር፣ ወላጆቹም ዘመዶቻቸውን አስቀድመው ሊያስረዱ ይገባል። ቁርባንም የሚዘጋጀው ከስንዴ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር በግልጽ ሊመከርበት የሚገባ ነው፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2017 በላከችው ደብዳቤ ጨርሶ ግሉተን የሌለውን ኅብስት ሳትቀበል፣ ግሉተኑ የቀነሰውን ግን ፈቅዳለች።

በስደት ለሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ የመለያ ጽሑፍ ንባብ ይጨመራል። የአሜሪካ ሕግ በታሸገ ምግብ ላይ ስንዴ መኖሩ እንዲጻፍ ያስገድዳል፣ ገብስን ግን በዚሁ ግዴታ ውስጥ አላካተተም፤ በሱቅ የሚሸጥ እንጀራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከገብስ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር ስለሚቀላቀል፣ ምግብ ቤቱን ወይም ጋጋሪዋን በቀጥታ መጠየቅ ግድ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገብስም ጭምር ተለይቶ እንዲገለጽ ሕጉ ያዛል። ጣሊያን ከዚህ አልፋ በ2005 ባወጣችው ሕግ ሴሊያክን ማኅበራዊ በሽታ ብላ ስታውቅ፣ ለተመዘገቡ ሕሙማን ከግሉተን ነጻ ምግብ በመንግሥት ድጋፍ ትሰጣለች፤ በ2023 ደግሞ ሕፃናት ለሴሊያክና ለመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲመረመሩ ደንግጋለች።

በኢትዮጵያ ይህን ያህል ወጪ የማይጠይቅ ጅምር ይቻላል። የጤፍ ዱቄትን ከግሉተን ነጻ ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ዱቄቱን አስመርምሮ የኮዴክስን ወሰን ማለፍ አለማለፉን ቢያሳይ፣ በየከተማውም ቢያንስ አንድ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ቢኖር፣ በሆስፒታል ሴሊያክ የተገኘበት ልጅ እናት ከሐኪሙ ክፍል ስትወጣ የምታስፈጭበትን ቦታ አድራሻ ይዛ ትወጣለች። ያ አድራሻ ያላት እናት ልጇን በስድስተኛው ወር ለደም ምርመራ ስትመልሰው፣ አንቲቦዲው ቀንሶ ከሆነ ወፍጮውና መሶቡ ንጹሕ መሆናቸውን ታረጋግጣለች፤ ካልቀነሰ ደግሞ ፍለጋው የሚጀምረው ከወፍጮው፣ ከእርሾውና ከጎረቤት ከሚመጣው ዳቦ ነው።