ለመኪና ማእድ ቤት የሚስማማው ጣውላ የትኛው ነው?

የላሊበላ ነጋዴ ገቢ ከእንግዳ መምጣትና መቅረት ጋራ የተያያዘ መሆኑ የታወቀ ነው። ዐሥራ አንዱ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የከተማው ሆቴል፣ መኪናና ገበያ በእንግዳ ሲንቀሳቀስ ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ፣ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት እንግዳ ሲቀር ብዙ ሰው ያለ ሥራ መቀመጡ አይዘነጋም። እንዲህ ካለው ጊዜ የተረፈ ጥቂት ገንዘብ ዳግመኛ በሥራ ላይ ሲውል በከንቱ እንዳይባክን መጠንቀቅ ይገባል።

ከእንግዳ ጋራ ከተያያዙት ሥራዎች አንዱ ድንኳን፣ ምድጃና ምግብ አብሳይ ይዞ መጓዝ ነው። የጉዞ ድርጅቶች ወደ ዳሎልና ወደ ኦሞ ሸለቆ እንግዳ ሲወስዱ ይህን ያደርጋሉ። በላስታም ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ለሚሄድ እንግዳ ምሳውን በመንገድ ላይ አብስሎ ማቅረብ የሚችል ባለሚኒባስ ከሌላው ይልቅ ተፈላጊ ይሆናል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ባለመኪና ማእድ ቤቱን በሰፈሩ አናጢ ሲያሠራ፣ አናጢው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ለመኖሪያ ቤት የለመደውን ጣውላ ነው። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ቤት ባለበት ቆሞ ይኖራል፣ መኪና ግን ሲንቀጠቀጥ ይውላል።

በገበያ የሚገኙት ጣውላዎች በሦስት ይከፈላሉ። 1ኛው ቺፕውድ ነው፤ ይህም የእንጨት ፍቅፋቂ በኮላ ተለውሶና ተጨፍልቆ የሚሠራ ነው። 2ኛው ኤም ዲ ኤፍ የሚባለው ሲሆን፣ እንጨቱ እስኪላም ከተፈጨ በኋላ ተጨፍልቆ ይሠራል፤ ገጹም እጅግ የለሰለሰ ነው። 3ኛው ከኢጣልያንኛው «ኮምፔንሳቶ» ስሙን ያገኘው ኮምፔርሳቶ ነው፤ ስስ የእንጨት ንጣፎች አንዱ ከሌላው ጋራ መስቀልኛ እየተነባበሩ በኮላ ይያያዛሉ። ፎርማይካ ግን በእነዚህ ላይ የሚለጠፍ ልባስ እንጂ ራሱን የቻለ ጣውላ ስላልሆነ፣ ከሥሩ ያለው ምን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ መግዛት አይገባም።

የመጀመሪያው ፈተና መንቀጥቀጥ ነው። በጠጠርና በድንጋይ መንገድ ላይ ማጠፊያውና መሳቢያው ያለማቋረጥ ቪቱን ይጎትታሉ። የቺፕውድ ፍቅፋቂ ቪቱ በገባበት ቦታ ቀስ በቀስ ይፈረፈራል፤ ኤም ዲ ኤፍ ደግሞ በጠርዙ በኩል ቪት ሲገባበት ይሰነጠቃል። በኮምፔርሳቶ ግን የእንጨቱ ጭረት ስላልተቆረጠና በሁለት አቅጣጫ ስለ ተሻገረ ቪቱን አጥብቆ ይይዛል።

ሁለተኛው ፈተና ውሃ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ባቄላውም ሆነ ምስሩ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጃል፤ እንፋሎቱም በጠባቡ መኪና ውስጥ የዚያኑ ያህል ይቆያል። ተራው ቺፕውድና ኤም ዲ ኤፍ ውሃ ሲነካቸው ያብጣሉ፤ ከደረቁም በኋላ ወደ ቀድሞ መጠናቸው አይመለሱም። ኮምፔርሳቶም ቢሆን ኮላው ውሃ የማይፈታው ካልሆነ ንጣፉ ይላቀቃል። ይህን ለማወቅ ከሻጩ ቁራጭ ተቀብሎ ለጥቂት ሰዓት መቀቀል ይበቃል፤ ንጣፉ ከተገነጠለ ለማእድ ቤት አይሆንም። ጠርዙም ሲታይ በንጣፎቹ መካከል ክፍተት ሊኖር አይገባም።

ሦስተኛው ፈተና ክብደት ነው። 122 በ244 ሴንቲ ሜትር የሆነና 18 ሚሊ ሜትር የወፈረ ኤም ዲ ኤፍ 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ግን 21 ኪሎ ገደማ ነው። ለአንድ አነስተኛ ማእድ ቤት ሁለት ጣውላ ቢገባ ልዩነቱ 38 ኪሎ ይሆናል። ይህም የሁለት ጀሪካን ውሃ ያህል ነውና፣ በአቀበት ላይ ለጣውላ ከሚከፈል ነዳጅ ለመጠጥ ውሃ ቢከፈል ይሻላል።

የወንዛና የዝግባ ሳንቃ ጠንካራ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ሳንቃ በክረምት እርጥበት ይሰፋል፣ በበጋ ድርቀት ይጠባል፣ ይጣመማልም። ከዚህም በላይ እነዚህ ዛፎች በመመናመናቸው ምክንያት በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ እንደ ነበር ማስታወስ ያሻል።

እንግዲህ የሚስማማው ውሃ በማይፈታው ኮላ የተሠራ፣ ለጎንና ለላይ 12 ሚሊ ሜትር፣ ለመዝጊያ 9 ሚሊ ሜትር የሆነ ኮምፔርሳቶ ነው። ስስነቱ እንዳያሠጋ በቀጭን ቱቦላሬ ላይ ይታሰር፤ ክብደት የሚሸከመውም ቦታ በቪት ብቻ ሳይሆን አልፎ በሚወጣ ብሎንና በሮንዴላ ይጠበቅ። የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ፣ የማይታየውም ጭምር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቨርኒሽ ይቀባ፤ ውሃ የሚገባው በጠርዝ ነውና። ምድጃው አጠገብ ያለው እንጨት በላሜራ ይሸፈን። ቡታጋዝ የሚቀመጥበት ሣጥንም ከታች በመኪናው ወለል በኩል ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ይኑረው፤ ያመለጠ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይጠራቀማልና።

ቺፕውድ ጨርሶ ይጣል ማለት አይደለም። ዋጋው ዝቅ ያለ ስለ ሆነ በሆቴል ክፍል ውስጥ ለሚቆም ቁም ሣጥን በሚገባ ያገለግላል። በመኪና ውስጥ ግን በግዢ ጊዜ የተረፈው ገንዘብ፣ መዝጊያው በመንገድ ላይ ተገንጥሎ ሲወድቅና ሥራው ዳግመኛ ሲሠራ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ጣውላው ከአዲስ አበባ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ፣ ለክፉውም ለደጉም የሚከፈለው የጭነት ዋጋ አንድ ነው። ስለዚህ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ቁራጩን ይቀቅል፣ ጠርዙን ይመልከት፣ ክብደቱንም በእጁ ይመዝን፤ ሻጩም የጣውላውን ዐይነት ሳይሸሽግ ቢነግረው ደንበኛውን ያጸናል።