ባዶው የራሽን መጋዘን የሸክላ ሥራ ማሳያ ሲሆን

እንደሚታወቀው የራሽን እደላ ካለቀ በኋላ መጋዘኑ አዲስ እህል እስኪገባበት ድረስ ባዶውን ይቆያል፡፡ እኛ የትምህርት ቤቱ መምህራንና የሸክላ ሠሪ እናቶች ለአንድ ቅዳሜና እሁድ የሸክላ ትርኢት እንድናዘጋጅበት ጠይቀን ተፈቅዶልናል፡፡ «በመጋዘን ውስጥ ምን ኤግዚቢሽን አለ?» ያሉን ወገኖች ስላሉ አሠራሩን እንገልጻለን፡፡

ነገሩ እንግዳ አይደለም፡፡ በለንደን ከተማ ቴት ሞደርን የተባለው ሙዚየም ቀድሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 ቻይናዊው አርቲስት አይ ዌይዌይ ተርባይኖቹ ቆመውበት በነበረው ሰፊ አዳራሽ ወለል ላይ ከፖርሰሊን የተሠሩ 100 ሚሊዮን ያህል የሱፍ ፍሬዎች አስነጠፈ፡፡ ፍሬዎቹን በእጅ የቀቡት የጂንግዴዠን ከተማ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፡፡ ሕዝቡ እየረገጠ እንዲያልፍባቸው ታስቦ ነበር፤ ሆኖም የሚነሣው ብናኝ ለጤና ያሰጋል ተብሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከለከለ፡፡ በ2014ም በዚያው ከተማ በጥንታዊው ግንብ ዙሪያ ባለው ደረቅ ቦይ ውስጥ 888,246 ቀያይ የሸክላ አበቦች ተተክለዋል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞተው ለእያንዳንዱ የብሪታንያና የቅኝ ግዛቶቿ ወታደር አንዳንድ አበባ መሆኑ ነው፡፡

ብናኝ ለእኛም ችግር ነው፡፡ የመጋዘኑ ወለል ዱቄት ስለሆነ በእርጥብ ጆንያ ይወለወላል፡፡ የእኛ እንስራና ጀበና ቂጡ ክብ በመሆኑ በሲሚንቶ ላይ አይቆምም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ በማቶት ወይም አሸዋ በተሞላ ጆንያ ላይ ይቀመጣል፡፡ ምጣድ በእንጨት ርብራብ ላይ በጀርባው ይተኛል እንጂ ግድግዳ አይደገፍም፡፡ መጋዘኑ መስኮት ስለሌለው ጥቋቁሩን ጀበና በበሩ አጠገብ፣ ቀዩን ወደ ውስጥ እናደርጋለን፡፡ ሕፃናት እንዳይነኩ በደረታቸው ልክ ገመድ ይወጠራል፡፡

ሸክላችን የሚተኮሰው በሜዳ ላይ፣ በካምፑም በጥቂት እንጨት ነው፡፡ በደንብ ያልበሰለ ዕቃ በሸክም ብቻ ይሰበራል፡፡ በጣት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በስሏል፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ግን ወይ ጥሬ ነው ወይ ተሰንጥቋል፤ ይህን አንቀበልም፡፡

ብዙ ያነጋገረን የስም ካርዱ ነው፡፡ በአገራችን ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» እየተባለች ስትናቅ ኖራለች፤ እርሷ የሠራችው ጀበና የሌለበት ቤት ግን የት አለ? ስለዚህ በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት የሠሪዋን ስም በትልቁ ለመጻፍ ወሰንን፡፡ ሁለት እናቶች ግን «ልጆቻችን በብሎካችን ይሰደቡብናል፤ ስማችን አይጻፍ» አሉን፡፡ እኛ ቢጻፍ እንወድ ነበር፤ ሆኖም ሸክሙን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸውና በሥራቸው ፊት የዕቃው ስም ብቻ ይቀመጣል፡፡

መግቢያ በነፃ ነው፡፡ እሁድ ከሰዓት በኋላ ዕቃው ይሸጣል፤ ገንዘቡም ሙሉ በሙሉ ለሠሪዋ ይሰጣል፡፡ ሰኞ ጠዋት እህል ስለሚገባ መጋዘኑን እሁድ ማታ ጠርገን እናስረክባለን፡፡ ዕቃ የምታቀርቡ እናቶች ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ማቶቱን ጨምራችሁ አምጡ፡፡