በሰው ሜዳ የገባ ጎል ዋጋ

የደርሶ መልስ ግጥሚያ የሚባለው ሁለት ቡድኖች አንድ ጊዜ በአንደኛው፥ ሌላ ጊዜ በሁለተኛው ሜዳ ተጫውተው ጎሉ የሚደመርበት ነው። ድምሩ እኩል ሲሆን አሸናፊው በምን ይለያል?

ለዚህ የሚሆነን ምሳሌ የኢትዮጵያና የጎረቤቷ የሱዳን ግጥሚያ ነው። ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ በተደረገው ማጣሪያ ሱዳን ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. በአገሯ 5 ለ 3 አሸነፈች። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 ረታች። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ። ደንቡ ግን በእንግድነት የገባውን ጎል ያስበልጣል፤ ኢትዮጵያ በሰው ሜዳ 3 አግብታለች፥ ሱዳን ምንም አላገባችም። ስለዚህ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ዋንጫው ተመለሰች።

ሕዝቡ በእልልታ የተቀበለው የአዲስ አበባዎቹን ሁለት ጎሎች ነው፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን በሱዳን ሦስተኛው ጎል ባይገባ ኖሮ ውጤቱ 5 ለ 2 ይሆን ነበርና፥ የአዲስ አበባው 2 ለ 0 ባላዳነን ነበር። በተሸናፊነት ቀን የገባን ጎል ማን ያጨበጭብለታል!

ደንቡን የሚነቅፉ፥ ባለሜዳው ጎል እንዳይገባበት ፈርቶ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ ያደርገዋል ይላሉ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም በ1965 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ይህንኑ ደንብ በ2021 እ.ኤ.አ. ሽሮታል። ለእኛ ግን በዚያ ማጣሪያ ሁለት ጊዜ ጠቅሞናል፤ ከሱዳን በፊት ከቤኒን ጋር በአገራችን 0 ለ 0፥ በአገሯ 1 ለ 1 ተለያይተን ያለፍነው በዚሁ ደንብ ነው።