ውሃ፣ ማዕድንና ሕይወት፦ የባሕር ወለል ፍልውሃዎችና የዳሎል ምስክርነት

በሱረቱል አንቢያእ 30ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ሕያው የሆነውን ነገር ሁሉ ከውሃ ማድረጉን ያስታውቀናል፤ በሱረቱን ኑር 45ኛ አንቀጽም ተንቀሳቃሽ ፍጡራን ከውሃ መፈጠራቸው ተነግሯል። አንዳንድ ዳዒዎች እነዚህን አንቀጾች ሕይወት በባሕር ወለል ፍልውሃ አጠገብ ተጀመረ ከሚለው የዘመኑ መላምት ጋር በቀጥታ ያቆራኟቸዋል። ቁርኝቱ ይጸና እንደሆነ ለመመዘን አስቀድሞ ነገሩን ከኬሚስትሪው በኩል መረዳት ያሻል።

እ.ኤ.አ. በ1977 ተመራማሪዎች በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር፣ በፍልውሃ ዙሪያ የሚኖሩ በርካታ እንስሳትን አገኙ። ለጥያቄያችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በ2000 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል የተገኘውና «የጠፋችው ከተማ» የተባለው ስፍራ ነው። ነጫጭ የድንጋይ ጭስ ማውጫ የሚመስሉት ዓምዶቹ እስከ 60 ሜትር ይደርሳሉ። ከውስጣቸው የሚፈልቀው ውሃ ከ40 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ የፒኤች መጠኑም ከ9 እስከ 11 ስለሆነ እንደ አመድ ውሃ የሚያሟልጭ ዓይነት ነው።

ሂደቱ እንዲህ ነው። ኦሊቪን የሚባል ብረትና ማግኒዥየም ያለበት ማዕድን አለ፤ በጎጃም ጥቁር ድንጋይ ውስጥም በጥቃቅን ቅንጣት ይገኛል። የባሕር ውሃ ወደ ስንጥቁ ሰርጎ ይህን ማዕድን ሲያገኝ፣ ብረቱ ከውሃው ኦክስጅን ይወስዳል፤ ነገሩ ከዝገት ጋር ይመሳሰላል። ኦክስጅኑን ያጣው ውሃ ሃይድሮጅን ይለቃል። ሃይድሮጅን ደግሞ የታመቀ ጉልበት ነው፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሐድ የሕያዋን አካል የሚገነባባቸውን ቀላል ውህዶች ሊያስገኝ ይችላል። ውህደቱ በራሱ አዝጋሚ በመሆኑ አፋጣኝ ያስፈልገዋል፤ ማይክል ራስልና ተከታዮቹ ይህን ሥራ የብረትና የኒኬል ድኛማ ማዕድናት ይሠሩ ነበር ይላሉ። በተጨማሪም የጥንቱ ባሕር በመጠኑ አሲዳማ፣ ፍልውሃው ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ ነበርና፣ በሁለቱ መካከል ያለው ስስ የማዕድን ግድግዳ የፕሮቶን ልዩነት ይፈጥራል። ዛሬም በእያንዳንዳችን ሕዋስ ውስጥ ምግብ ወደ ጉልበት የሚለወጠው በገለፈት ግራና ቀኝ በሚኖር የፕሮቶን ልዩነት ነው። መመሳሰሉ በእውነት የሚያስደንቅ ነው።

ይሁን እንጂ ከቀላል ውህድ እስከሚራባና ባሕርዩን እስከሚያወርስ ሕዋስ ድረስ ያለው መንገድ ገና አልተሞላም። ውሃ ራሱ ረጃጅም የሕይወት ሰንሰለቶችን ስለሚበጣጥስ፣ የሕይወትን መነሻ ከባሕር ወለል ይልቅ በየብስ ላይ በሚደርቁና በሚረጥቡ ኩሬዎች የሚፈልጉ ሊቃውንትም አሉ።

በዚህ ክርክር የሀገራችን ዳሎል ልዩ ምስክር ነው። በአፋር የደናክል ረባዳ፣ ከባሕር ጠለል 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ስፍራ ነው፤ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ሜዳውን እያጥለቀለቀ ትቶት የሄደው ጨው ወፍራም ንጣፍ ሠርቷል። አባቶቻችን በገበያ እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ ከዚሁ ሜዳ ይወጣ ነበር። ውሃ ወደ ታች ሰርጎ በቅልጥ ዓለት ይሞቅና ጨውን እያሟሟ ይመለሳል። ኩሬዎቹን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቡናማ የሚያደርጋቸው በየደረጃው ኦክስጅን የሚያገኘው ብረት ነው። ፒኤቹ በአንዳንዱ ኩሬ ከዜሮም በታች ይወርዳል።

በግንቦት 2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በዳሎል እጅግ ደቃቅ ሕያዋን አግኝቻለሁ አለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ያሉበት ሌላ ቡድን፣ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት እንደሌለ አሳወቀ፤ በዙሪያው ባለው የተሻለ የጨው ሜዳ ግን ብዙ ዓይነት ደቂቃን ይኖራሉ። ይህ ቡድን የበለጠ የሚያስተምር ነገርም አገኘ፦ በማጉያ ሲታዩ ሕዋስ የሚመስሉ ሲሊካማ የማዕድን ቅንጣቶች። ክብ ናቸው፣ ደቃቅ ናቸው፣ ሕይወት ግን የላቸውም። ለሐዲስ ተማሪ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ መትኑ ያማረ ሁሉ ሰነዱ ሳይመረመር ሶሒሕ አይባልም።

ከዚህ ሁለት ነጥቦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ዳሎል ውሃ ሞልቶት ሕይወት ቢያጣ፣ ከአንቀጹ ጋር የሚጋጭ የሚመስለው ሰው መንጢቅን ዘንግቷል። «ሕያው ሁሉ ከውሃ ነው» የሚለው ሙጂባ ኩሊያ ሲገለበጥ «ውሃ ሁሉ ሕያው አለበት» አይሆንም፤ ዓክሱ ጁዝኢያ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ አንቀጹ ስለ ውሃ ይናገራል እንጂ ስለ ኦሊቪን ወይም ስለ ፕሮቶን አይናገርም። መላምቱን የቁርአን ተአምር አድርገን በሚንበር ላይ ካወጅን፣ ነገ የኩሬዎቹ ወገን ቢረታ ደረሳው የሚጠራጠረው መላምቱን ሳይሆን አንቀጹን ይሆናል። ኢማሙ አል-ገዛሊ የግርዶሽን ስሌት በሃይማኖት ስም የሚክዱ ወዳጆች ሃይማኖቱን እንደሚጎዱ አስጠንቅቀዋል፤ በእኛ እይታ ያልጸናን ነገር በሃይማኖት ስም የሚያጸድቅም ጉዳቱ ከዚያ አያንስም።

የአባታችን አደም (ዐ.ሰ.) ከጭቃ መፈጠር ደግሞ ሌላ ርእስ ነው፤ የፍልውሃ ጥናት በዚያ ላይ የሚለው ነገር የለውም፤ ጥያቄው በክፍል ውስጥ ሲነሣም መምህሩ ይህን በግልጽ ቢለይ ይበጃል። የመድረሳ መምህራን ለተማሪ የሚያሳዩት ተጨባጭ ምሳሌ ከፈለጉ ግን አለ፦ በ2015 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኝ ቤተ ሙከራ በጠርሙስ ውስጥ ትናንሽ የማዕድን ዓምዶችን አብቅሎ፣ አራቱን በማገናኘት አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መብራት አብርቷል።